«አስገባ» እና «አስወግድ»

ዓለምብርሃንን ያወቅኋት ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ኮሌጅ ስናስተምር ነው። እኔ ሒሳብ፣ እሷ ኮምፒውተር። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነበር፤ ስልክ ስታወራ ድምጿን ዝቅ ማድረግ ስለማታውቅበት ወድጄ ሳይሆን የሕይወቷን ግማሽ ሰምቻለሁ። የቀረውን ኋላ ላይ ራሷ ነገረችኝ።

የቋሪት ልጅ ናት፤ ከገበዝ ማርያም ቁልቁል ወርዶ ካለ መንደር። አባቷ ቄስ ነበሩ፤ እሷ ፊደል ሳትለይ ዐረፉና ከእናቷ ጋር ቀረች። ታላቅ ወንድሟ ኪዳነ ማርያም ያኔ ቅኔ ቤት ናቸው። ልጅቷ ትንሽ ከፍ ስትል አጎቶቿ ሊድሯት ሽር ጉድ ሲሉ ወንድሟ ሰምተው፣ ደበሎአቸውን እንደ ለበሱ በእግራቸው መጡ። በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው፣ «እኔ የግእዙን ልያዝ፣ እሷ የፈረንጁን ትያዝ። አንድ ቤት ሁለቱንም ይችላል» አሉ። በዚያው ሳምንት እጇን ይዘው ቡሬ ዘመድ ቤት አደረሷትና ትምህርት ቤት አስመዘገቧት። አባት ማለት ለእሷ እሳቸው ነበሩ። «አያ» ትላቸዋለች፤ ከእርስዎ በታችም ጠርታቸው አታውቅም።

ወንድሟ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በየኔታ ገብረ ሕይወት እግር ሥር ነው። የኔታ በዚያ አገር ስማቸው የተጠራ የቅኔ መምህር ነበሩ። ቅኔ እንደሚታወቀው የዕለት ነው። መምህሩ ዛሬ የዘረፈውን ነገ አይደግመውም፤ ተማሪ በጆሮው ከያዘው ያዘው፣ ካልያዘው ነፋስ ይወስደዋል። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም እየጎለመሱ ሲመጡ የየኔታ ረዳት ሆነው ጀማሪዎቹን ያስነግሩ ጀመር። የኔታ ግን አረጁ። በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ሳል ያዛቸውና መሪጌታ ፈሩ።

ፍርሃታቸውን ለእኅታቸው በስልክ ነገሯት። «ይህ ሁሉ ከእሳቸው ጋር አፈር ሊገባ ነው» አሏት።

«አይገባም አያ» አለች።

ትንሽ መቅረጸ ድምፅ ገዝታ ላከችላቸው። ቅጂው የሚጠራቀምበት ደግሞ ኮሌጁ የጣለውን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አስፈቅዳ ወሰደች። ላፕቶፑ ደካማ ነበር፤ በሥዕል የሚሠራ ነገር ሲጫንበት ይንገታገታል። ስለዚህ በጽሑፍ ብቻ የሚታዘዝ ፕሮግራም ጻፈችላቸው። ጥቁር ገጽ ይመጣል፤ ቃል ይጻፋል፤ ማሽኑ ቃሉን ይፈጽማል። ትእዛዞቹ ሦስት ነበሩ። «አስገባ» ሲባል ከመቅረጫው ላይ ያለውን ቅጂ ወስዶ ያኖራል። «ፈልግ» ሲባል ይፈልጋል። «ልስማ» ሲባል ያሰማል። ቃሎቹ አማርኛ ሆነው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፉት። መሪጌታ ኪራይ ቤታቸው ገበዝ ማርያም ከተማ ስለሆነ መብራት ነበራቸው፤ ላፕቶፑን ከመጻሕፍታቸው ጎን አስቀመጡትና «ሣጥኑ» አሉት።

መጀመሪያ ላይ ሣጥኑ አሠቃያቸው። «አስገባ»ን በፈረንጅ ፊደል አንድ ቀን በአንድ መንገድ፣ ሌላ ቀን በሌላ መንገድ ይጽፉታል። ማሽኑ አንዲት ፊደል ከተዛነፈች «ያልታወቀ ትእዛዝ» ብሎ ይመልሳቸዋል። በዚያ ላይ ከቃሉ ፊት ሁለት ሰረዝ መጻፍ ግዴታ ነበር፤ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ልማድ ነው። መሪጌታ ደወሉ።

«ዓለም፣ ይህ ሣጥንሽ ክፉ መምህር ነው» አሉ። «ያጠፋሁትን አይነግረኝ፣ የማርመውን አያሳየኝ፣ አላውቅህም ብቻ ይለኛል። ደግሞስ ሰረዝ ብዬ ጀምሬ እንዴት አስገባ እላለሁ? የተሰረዘ ነገር ይገባል?»

ዓለምብርሃን ስልኩን ይዛ ሳቀች፤ እኛም ቢሮ ውስጥ ያለነው ሳቅን። ከዚያ ግን ስልኩን ዘግታ አልሳቀችም። «እውነታቸውን እኮ ነው» አለችኝ። «ሰው ያለው ገብቶህ እያለ አልሰማሁህም ማለት ግፍ ነው።»

የዚያን ሰሞን ሥራዋ ሁሉ እሱ ሆነ። ሰረዙ ቢኖርም ባይኖርም እንዲቀበል አደረገች። አናባቢዎቹን ጥላ ተነባቢዎቹን ብቻ እንዲያነጻጽር አደረገች፤ በዚህ ዓይነት ወንድሟ ቃሉን እንዴትም ቢጽፉት ይገባዋል። ትልቁንና ትንሹን ፊደል እኩል አየችላቸው። በመጨረሻም የቃሉ መጀመሪያ ብቻ ቢጻፍ ይበቃል አለች። «አስ» ካሉ «አስገባ» ማለታቸው ነው፤ ሌላ በ«አስ» የሚጀምር የለም። ማሽኑ አላውቅህም ማለቱን ትቶ የሚመስለውን እንዲፈጽም ሆነ። ሥራው ሲያበቃ «ተፈጸመ» ብሎ ይጽፋል።

መሪጌታ ደስ አላቸው። «አሁን ሰው ሆነ» አሉ። «የኔታም እንዲህ ናቸው፤ ግማሹን ስትነግራቸው ግማሹን ይሰሙሃል።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተቃና። መሪጌታ ቅኔ ቤት ወርደው ሲነጋ የኔታ የሚዘርፉትን ይቀርጻሉ፤ ማታ «አስ» ብለው ያስገባሉ፤ ለማግሥቱ ቦታ እንዲኖር መቅረጫውን ያጠራሉ። ዓለምብርሃን በበዓል ስትሄድ የኔታን ራሳቸውን አሰማቻቸው። የገዛ ድምፃቸው ከሣጥን ሲወጣ የኔታ በጣም ተገረሙ፤ ጆሯቸውን አስጠግተው እስኪያልቅ ሰሙና፣ «እኔ እንዲህ እቸኩላለሁ? ምነው ሳትነግሩኝ!» ብለው ተማሪዎቻቸውን ወቀሱ።

በሁለት ሺህ አምስት ኅዳር የኔታ ዐረፉ። ሕመሙ አላስጨነቃቸውም፤ ከሰዓታት ጸሎት ተመልሰው ጋደም እንዳሉ ነው። መሪጌታ በለቅሶው ላይ የጸና ሰው ይመስሉ ነበር። ላስተዛዘናቸው ሁሉ «ድምፃቸው አለ፤ ሄደው አልሄዱም» ይሉ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ደግሞ አዲስ ሥራ ጀመሩ። ከእሳቸው በፊት የተማሩ፣ ዛሬ በሽንዲ፣ በሰከላ፣ በቡሬ ዙሪያ የተበተኑ የየኔታ ደቀ መዛሙርት ዘንድ እየሄዱ፣ እነሱ ከወጣትነታቸው የያዙትን የየኔታን ቅኔ እያስባሉ ይቀርጹ ጀመር። ይህንንም ሣጥኑ ውስጥ የመምህራቸው ቅጂ ሁሉ ከተጠራቀመበት፣ «የኔታ» ከሚለው ማኅደር ያስገቡታል።

ለፋሲካ ዓለምብርሃን አገር ቤት ሄደች። ወንድሟ አንድ ነገር ለመኗት። አንዳንዱ ቅጂ ነፋስ የገባበት፣ ዶሮ የጮኸበት ነበርና የማይረባውን የሚጥሉበት ትእዛዝ ፈለጉ፤ ሣጥኑም እየሞላ ነበር። ዓለምብርሃን መኪናው ሳያመልጣት ቁጭ ብላ ጨመረችላቸው። ቃሉን «አስወግድ» አለችው። ሞከረችው፤ አንዲት የተበላሸች ቅጂ አስወገደችበት፤ ሠራ። የጅጋው መኪና ጡሩንባውን ነፋ፣ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሌላ ዲስክ ላይ ግልባጭ ማኖር እንዳለባት ታውቃለች፤ ለክረምት ትምህርት ሲዘጋ እመጣበታለሁ አለች።

መሪጌታ ከሽንዲ ተመልሰው፣ የአንድ አዛውንት ቃል ቀርጸው፣ ደክሟቸው ተቀመጡ። እንደ ልማዳቸው «አስ የኔታ» ብለው ጻፉ። ማሽኑ «ተፈጸመ» አለ። መቅረጫውን አጥርተው ተኙ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደከም ሲላቸው «አስ» ይላሉ፣ በርታ ሲሉ ሙሉውን ይጽፋሉ። ማሽኑ ሁልጊዜ «ተፈጸመ» ነው የሚለው።

ሐምሌ ገብቶ ነበር፤ ፈተና እያረምን ሳለ የዓለምብርሃን ስልክ ጮኸ።

«አቤት አያ» አለች። ቀይ እስክሪብቶዋ እጇ ላይ ነው።

«ዓለም፣ የኔታ የሉም» አሏት።

ግራ ገባት። የመርዶ አነጋገር ነበር፤ ግን የኔታ ከሞቱ ከራርመዋል። ሐዘኑ አእምሯቸውን የነካባቸው መስሏት በለሆሳስ፣ «አያ፣ እናውቃለን እኮ። ቀበርናቸው እኮ» አለች።

«ከሣጥኑ ነው የምልሽ። ልስማ ብዬ ብጽፍ ዝም አለኝ። ከደቀ መዛሙርታቸው ሁለት ሦስት ሰዎች አሉ፤ እሳቸው የሉም።»

ፊቷ ሲቀየር አየሁ። ያን ጊዜ እንዳወቀችው ነግራኛለች፤ ገና ማሽኑን ሳታየው። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «አያ፣ አይንኩት። መብራቱን ያጥፉትና አይንኩት» አለች። የተማሪዎቹን ወረቀት ለእኔ ትታልኝ በማግሥቱ ሄደች።

ማሽኑ የተጻፈበትን ትእዛዝ ሁሉ ይይዛል። ከፍታ አየችው። «አስ የኔታ» ይላል። እንደገና «አስ የኔታ»። በ«አስ» የሚጀምር አንድ ቃል ብቻ በነበረበት ዘመን የለመዱት ነው። ሁለት ሲሆኑ ማሽኑ ጠይቆ መለየት ነበረበት። እሷ ግን እንዲጠይቅ አላደረገችውም ነበር፤ የመሰለውን እንዲፈጽም ነው ያደረገችው፣ እሱም ኋላ የተጨመረውን መረጠ። ወንድሟ አስገባ እያሉ ማሽኑ «የኔታ» የሚለውን ማኅደር እንዳለ ሲያስወግድ ከረመ። በባዶው ቦታ ላይ ደግሞ ሙሉ ቃል እየተጻፈ የገባው አዲሱ ቅጂ ተኝቶበት የድሮውን ሸፍኖታል።

መሪጌታ በር ላይ ቆመው ያዩዋታል። «እኔ አስገባ ነው ያልኩት» አሉ። ድምፃቸው መምህሩ እንደያዘው ተማሪ ነበር።

«አዎ አያ። እርስዎ አላጠፉም። ማሽኑ ነው አስወግድ ብሎ የሰማው።»

«ማን ነው እንዲህ ያለ ጆሮ የሰጠው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

መሪጌታ ቁጭ አሉ። ውጭ ዝናብ ጣለ፤ ቆርቆሮው ጮኸ።

ላፕቶፑን ተሸክማ ባሕር ዳር ወረደች። የጠፋ ፋይል ከዲስክ የሚያወጣ ባለሙያ አለ ተብላ ነበር። ሰውየው የሚችለውን ሁሉ ሠራ። የተገኘው ፍርፋሪ ነው። ከፍርፋሪው አንዱ የየኔታ ሳል ነበር። አንዱ ደግሞ ከደጅ ሲናገሩ፤ «ያቺን ፍየል አስወጧት፣ ጎመኑን ፈጀችው» የሚል። ቅኔ ግን አንድ ቤት፣ አንዲት ሙሉ መስመር እንኳ አልወጣም። ጅምር ይሰማና ይቆረጣል።

ፍርፋሪውን ይዛ ለወንድሟ ተመለሰች። አሰማቻቸው። የፍየሏን ሲሰሙ ፈገግ አሉ፣ ወዲያውም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ በጆሯቸው የቀረውን ለማሰባሰብ ሞከሩ። እየጀመሩ ይቆማሉ፣ ሌላ ይጀምራሉ። እስከ ቀትር እንዲህ ሆኑ። በመጨረሻ እንዲህ አሏት፦

«ታውቂያለሽ ዓለም፣ የወጣትነቴን ሁሉ ይዤዋለሁ። የነዚህን የመጨረሻዎቹን ዓመታት ነው ያጣሁት። ሣጥኑ ይዞልኛል ብዬ ጆሮዬን አሰነፍኩት። በቀድሞ ጊዜ ቢሆን አንዷም ባልወደቀችብኝ።»

ዓለምብርሃን እግራቸው ላይ ወደቀች። «አያ፣ ይማሩኝ» አለች።

አነሷት። «ይቅር» አሉ።

ይህችን አንዲት ቃል ዓለምብርሃን ዓመታት ተሸከመቻት። አንድ ቀን የኮሌጁ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን፣ «ቅኔ አዋቂ ናቸው እኮ» አለችኝ። «ይቅር ሲሉኝ ይቅር ብየሻለሁ ማለታቸው ነው? ወይስ የቀረው ይቅር፣ ተይው፣ ከእንግዲህ አንሞክረው ማለታቸው ነው?»

«አትጠይቂያቸውም?» አልኳት።

«ቅኔ ዘራፊን ወርቁን ንገረኝ ይባላል?» አለች።

መሪጌታ ያ ክረምት እንዳለፈ፣ መስከረም ላይ ገበዝ ማርያምን ለቀቁ። ወደ ግሽ ዓባይ በኩል አንድ ደብር መምህር ፈልጎ ነበርና እዚያ ጎጆ ቀልሰው ጉባኤ ዘረጉ። መቅረጸ ድምፁን ለእኅታቸው መለሱላት። ቁጣ የለበትም፤ በጨርቅ ጠቅልለው፣ አመስግነው ነው። ተማሪዎቻቸው ግን ስልክ ይዘው ወደ ጉባኤው አይገቡም። ዓለምብርሃን ልትጠይቃቸው ስትሄድ ከአንዱ ዋርካ ሥር ሆና ከሩቅ ታዳምጣቸው ነበር። ድምፃቸው የየኔታን መስሏል አለችኝ፤ ሲቸኩሉም ጭምር።

አንድ ጊዜ ደፍራ ጠየቀቻቸው። «አያ፣ አንዲት ብቻ ልቅረጽ። ለእኔ።»

«ከዚህ ተቀመጪና ስሚኝ፤ ያው ለአንቺ አይደል» አሏት። ተቀመጠች። ግእዙ ግን ከእሷ ይርቃል፤ እሳቸው ናቸው የፈረንጁን ያስያዟት። ዜማውን ሰማች፣ ምሥጢሩ አመለጣት፣ በማግሥቱ ዜማውም አመለጣት።

ፕሮግራሙን ግን አልተወችውም። ደግማ ጻፈችው። የሚያስገባው ቃልና የሚያጠፋው ቃል በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይገናኙ አራራቀቻቸው። ማስገባትና ማዳመጥ እንደ ድሮው ነው፤ በተሳሳተ ፊደልም ቢጻፍ፣ በግማሽ ቃልም ቢሆን ይቀበላል። ማጥፋት ግን በግማሽ ቃል አይሆንም፤ ሙሉውን፣ ሳይዛነፍ መጻፍ ግድ ነው። ያን ጊዜም ማሽኑ የሚጠፋውን በስሙ እየጠራ ይጠይቃል፤ «አዎ» ቢባልም ወዲያው አያጠፋም፣ ማቆያ ውስጥ አኑሮ ሰውየው እስኪመለስ ይጠብቃል። ሁለት ቃል ከተምታታበት ደግሞ አይገምትም፤ «ይህን ነው ወይስ ያን?» ይላል።

ይህንን ለተማሪዎቿም ታስተምር ነበር። አንድ ቀን በመስኮት ሳልፍ ሰማኋት። አንድ ተማሪ «መምህር፣ ተጠቃሚው ተጠንቅቆ ይጻፍ እንጂ! የእኛ ጥፋት ምንድን ነው?» አላት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ ጠመኔዋን አስቀመጠች። ክፍሉ መሳቁን ተወ። «የደከመው ሰው ነው የሚጽፈው» አለች። «ከመንገድ የመጣ፣ ሐዘን ላይ ያለ፣ ዐይኑ የፈዘዘ። ስም ስታወጡ እሱን እያያችሁ አውጡ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ትእዛዝ ጨመርኩ ብላችሁ አትነሡ፤ ሰውየው በድሮው ቃል ነው የሚጠራችሁ።» ሰሌዳውን አጥፍታ ወጣች። ደወሉ ገና ነበር።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ጥር መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ታመሙ። ጉበት ነው ተባለ። ዓለምብርሃን ሐኪም ቤት ልትወስዳቸው መኪና ይዛ ሄደች፤ ተማሪዎቻቸው በቃሬዛ እስከ መንገዱ አወጡላት። በመንገድ ላይ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አሳርፋ ይዛቸው ነበር። ትንሽ ያወራሉ፣ ትንሽ ይተኛሉ። የነቁ ሲመስላት ልትጠይቃቸው አፏን ከፈተች፤ ስለዚያች ቃል። እሳቸው ቀደሟት።

«ዓለም፣ ቡሬ ያደረስኩሽ ዕለት አልቅሰሽ ነበር?» አሏት።

«አላለቀስኩም አያ።»

«እኔ ግን ስመለስ አልቅሼ ነበር» አሉ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። መልሰው አልገለጡትም።

ከአባታቸው ጎን፣ በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ተማሪዎቻቸው ከግሽ ዓባይ በእግር መጥተው ነበር። እያንዳንዱ ለመምህሩ ቅኔ አቀረበ፤ ሰው አለቀሰ። እኔም ከኮሌጁ ሰዎች ጋር ለቅሶ ሄጄ ነበር። እናታቸው እማሆይ ሀብትነሽ መደቡ ላይ ናቸው፤ ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩት። የቅጂውን ነገር ማንም አልነገራቸውም ነበር። የሚያውቁት ልጃቸው የሰው ድምፅ የምታኖር ሣጥን እንዳላት ብቻ ነው።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ዓለምብርሃንን በእጃቸው ፈልገው ያዟት።

«የኔ ልጅ፣ የየኔታን ድምፅ ይዘሻል ሲሉ ሰምቼ ነበር። የወንድምሽንም ይዘሻላ? አሰሚኝ እስቲ። ቀስ አድርገሽ፣ ለእኔ ብቻ።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«የለም እምዬ» አለች ዓለምብርሃን። «እሳቸው አልፈቀዱም።»

አሮጊቷ የእጇን ጀርባ ዳሰሱ። «እሱስ ይሁን፣ ትሕትናው ነው» አሉ። «እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?»

ከለቅሶው በኋላ ዓለምብርሃን ወደ ኮሌጁ ተመለሰች። ማስተማሯን አላቋረጠችም፤ በፕሮግራሟም አንዳንድ ሰዎች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠሩበታል፤ ማን እንደ ጻፈው አይጠይቁም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጅጋ ወርዳ የቋሪቱን መኪና ትይዛለች። ሰኞ ጠዋት ስትመጣ፣ «እምዬ እንዴት ናቸው?» እላታለሁ።

«ደኅና ናቸው» ትለኛለች። «እኔና አያ ልጅ ሳለን ስለነበረው እያወሩኝ አመሸን።» ከዚያ ወንበሯን ስባ ትቀመጣለች፣ የተማሪዎቿን ሥራ ታወጣና ማረም ትጀምራለች።